ለመኪናችን ያሠራነው የሆድ ብረት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ሁለት ነን፤ አንዷ ሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዷ ገንዘብ ያዥ። በየዓመቱ እዚህ ስንቆም ገቢና ወጪ እናነባለን፣ ጥያቄ ይቀርባል፣ እንመልሳለን፣ ወደ ቡናው እንሄዳለን። ዘንድሮ ግን አስቀድሞ በተበተነው ሪፖርት ውስጥ አንዲት መስመር አለች፤ «የተሽከርካሪ የታች መከላከያ ማሠሪያና መግጠሚያ፣ 23,400 ብር» ትላለች። ሪፖርቱ ከተበተነ ጀምሮ ስልካችን አላረፈም። ከአልዩ አምባ በኩል አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ለመኪናዋ ሱሪ ገዛችሁ አሉ፤ እኛ እኮ ለልጆቻችን መግዛት አቅቶናል» ብለው ደወሉልን። ሳቅን። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ግን ሁለታችንም ዝም አልን፤ ምክንያቱም ገንዘቡ የወጣው ከወፍጮ ቤቱ ገቢ ነው፣ የወፍጮ ቤቱ ገቢ ደግሞ የእናንተ ነው። መጠየቅ ይገባችኋል። ስለዚህ ሰብሳቢያችንን አስፈቅደን ስለዚች ሱሪ ብቻ ልንነግራችሁ ተነሣን። የቀረውን ሒሳብ ከሪፖርቱ ታነቡታላችሁ።

መኪናችንን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ፒክአፕ ናት፤ አዲስ አይደለችም፣ ስትሰጠንም አዲስ አልነበረችም። ከደብረ ብርሃን አንኮበር ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አያስቸግራትም። ችግሩ ከአንኮበር ወደ ቆላው ቁልቁል ሲወረድ፣ ከዚያም ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደየቡድኖቹ ሲታጠፍ ነው። እዚያ መንገድ የምንለው ጎርፍ የጠረገው ጥርጊያ ነው፤ መሃሉ ጎብጦ፣ ዳርና ዳሩ የጎማ ቦይ ሆኖ፣ ቦዩ ውስጥ ጥቁር ድንጋይ የተቀበረበት። በበጋ ድንጋዩ ይታያል። በክረምት ጭቃና ውሃ ይሸፍነዋል።

በዚያ መንገድ መኪናችን የምትሠራውን እናንተ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። አሰልጣኞችን ታደርሳለች፣ የብድር ገንዘብና መዝገብ ትወስዳለች፣ ዘርና ማዳበሪያ ትጭናለች። ምጥ የያዛት እናት ስትገኝም ሥራዋ እሱ ይሆናል፤ በጉዞ መዝገቡ ላይ ግን «ሌላ» ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ ለዚያ የሚሆን አምድ የለንም።

ካቻምና ሐምሌ ምን እንደሆነ አሁን እንናገር። መኪናዋ አራት የቡድን አመራሮችን ጭና ከቆላ ስትመለስ፣ ወንዝ ልትሻገር ስትል ቦዩ ውስጥ የተቀበረ ድንጋይ ሆዷን መታት። ሾፌራችን ድምፁን ሰምተዋል። ሆኖም የፊት ጎማዎቹ ውሃ ውስጥ ገብተው ነበር፤ ከላይ ደግሞ ዝናብ አለ። የዘይቱ ቀይ መብራት የበራው ወንዙ መሃል ነው። መብራቱ ሲበራ ሞተር ወዲያው ማጥፋት እንደሚገባ እሳቸው ከ20 ዓመት በላይ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸውና አያጡትም። ግን ውሃ እየጨመረ ባለ ወንዝ መሃል አራት ሴቶችን ይዞ ማን ያጠፋል? ማዶ ተሻግረው፣ ዳገቷን ወጥተው፣ ከጎርፍ ነፃ የሆነ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። የቆሙት ግን እሳቸው ሳይሆኑ ሞተሩ ነው። ነከሰ።

ከሥር ስትታይ የዘይት ቋቷ፣ መካኒኮች ካርተር የሚሉት፣ ከዘይት መውረጃው ብሎን አጠገብ ተቀዷል። ሰባት ሊትር ያህል ዘይት ወንዝ ውስጥ ቀርቷል። ይህን ዘይት ያጣ ሞተር የሚዞሩት ብረቶቹ ያለ ቅባት ይፋተጋሉ፣ ይግላሉ፣ ይያያዛሉ። ለዚያ ጥቂት ደቂቃ በቂ ነው።

ወጪውን እነሆ። መጎተቻ 9,500 ብር። ኦቨርሆል ከነዕቃው 168,200 ብር። መኪናዋ ጋራዥ በቆየችበት ጊዜ በኪራይ መኪና 14 ጉዞ፣ እያንዳንዱ 3,500 ብር፣ በጠቅላላ 49,000 ብር። ድምሩ 226,700 ብር ነው። ከኦቨርሆሉ 80,000 ብሩን ከአጋሮቻችን የጥገና በጀት ከፈልን፤ የቀረውን 88,200 ብር ከተዘዋዋሪ ብድር ፈንድ ወሰድን። ከዚህ ውስጥ እስከ ዛሬ የመለስነው 50,000 ብር ነው፤ 38,200 ብር ይቀራል። ይህም በሪፖርቱ አለ፣ ግን ማንም ስለእሱ አልደወለም። ሱሪዋ ናት ዓይን የገባችው።

በደረሰኝ ያልመጣ ወጪም አለ። የዚያን ሰሞን ለሁለት ቡድኖች የዘርና የማዳበሪያ ብድር ልናደርስ ነበር። ተከራይተን እስክንደርስ 19 ቀን አለፈ። ጤፍ ቀን ይቆጥራል። ከሁለቱ ቡድኖች አንዱ ብድሩን ሲቀበል የዘር ወቅቱ አልፎ ነበር፤ አባላቱ መሬቱን ለሽምብራ አቆዩት፣ ጤፉ ግን ቀረባቸው። ያን ዓመት የዚያ ቡድን ቁጠባ ለምን እንደቀነሰ በሪፖርት ላይ «በተለያዩ ምክንያቶች» ብለን ጽፈናል። ምክንያቱ አንድ ነበር።

አሁን ለመናገር ወደሚከብደን ነገር ደረስን።

መኪናዋ ስትመጣ ከሥሯ ስስ የሆነ የፋብሪካ ላሜራ ነበራት። ጠንካራ አይደለም፤ ጭቃና ጠጠር ይከላከላል፣ ትንሽ ምትም ይችላል። አደጋው ከመድረሱ ከስምንት ወር በፊት፣ ዘይት ለመለወጥ ጋራዥ በገባች ጊዜ ላሜራው ተፈታ፤ ብሎኖቹ ዝገው ተቆርጠው ስለነበር አልተመለሰም። «ስለሚንጫጫ ተውነው» ተብሎ ለሾፌራችን ተነገራቸው፤ ላሜራውም እዚያው ቀረ። ሾፌራችን በነጋታው ቢሯችን መጡ። ጋሼ ነው የምንላቸው፣ እሳቸውም ልጆቼ ይሉናል። «ልጆቼ፣ ይቺ መኪና ሆዷን ገልጣ ነው የምትሄደው። ሶማሌ ተራ ጠይቄ አስጠይቄ ያገለገለ በ6,800 ብር አገኘሁላት» አሉን። በጽሑፍ አምጡ አልናቸው፤ አመጡ። በወረቀቱ ግርጌ «በዚህ ርዕስ የተያዘ በጀት የለም» ብለን ጽፈን፣ ፈርመን፣ ፋይል ውስጥ ከተትነው። የጻፍነው እውነት ነበር። በጀት የለም ማለት ግን ጥያቄው አይረባም ማለት አይደለም፤ በጀት ዝውውር ጠይቁ ልንላቸው እንችል ነበር። ራሳችንም ልንጠይቅላቸው እንችል ነበር። አላደረግነውም። ኮምፒውተር ፊት ለተቀመጠ ሰው የመኪና ሆድ አይታየውም።

አደጋው ከደረሰ በኋላ የወቅቱ ኮሚቴ ተሰብስቦ «መብራቱ በርቶ እያየ ነዳ» በሚል ከሾፌራችን ደመወዝ ለሦስት ወር 1,200 ብር፣ በድምሩ 3,600 ብር እንዲቆረጥ ወሰነ። የቆረጥነው እኛ ነን። ያች ወረቀት ፋይል ውስጥ እንዳለች እናውቅ ነበር፤ ሁለት ወር ዝም አልን። በሦስተኛው ወር የደመወዝ መክፈያ ስናዘጋጅ ገንዘብ ያዥዋ እጇን አንሥታ «እኔ ይህን አልፈርምም» አለች። በዚያው ቀን ወረቀቱን ለሰብሳቢያችን ወስደን አሳየን። ወንዙን አብረው የተሻገሩት አራቱ ሴቶችም ተጠርተው የሆነውን ተናገሩ። የሦስተኛው ወር ቅናሽ ቆመ። የተቆረጠው 2,400 ብር ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ወሰንን፤ መኪናዋ ከጋራዥ ስትወጣ ሆዷን ሳንሸፍን ቁልቁል አትወርድም። ለመግዛትም መጀመሪያ ማየት አለብን ብለን ነጠላችንን አስቀምጠን፣ ካርቶን አንጥፈን፣ የጋራዡ ጉድጓድ ላይ ስትቆም ከሥር ገባን። መካኒኮቹ ሳቁብን፤ ግድ የለም። ጋሼ በጣታቸው እያሳዩ አስረዱን። ከፊት ጀምሮ የራዲያተሩ ታችኛ ጠርዝ አለ፤ ቀጥሎ የፊት ዲፈረንሻል፤ ከእሱ በላይና በስተኋላ ካርተሩ፤ ከዚያ ካምቢዮው፤ ከዚያ አራቱን ጎማ የሚያሠራው ተጨማሪ ካምቢዮ፤ በጎን በኩል የነዳጅ ታንክ። ዲፈረንሻሉ ወፍራም ብረት ስለሆነ ብዙ ምት ይችላል። ካርተሩ ግን እንደ ምጣድ አክንባሎ ስስ ነው፤ ያውም የሞተሩ ሕይወት ያለው እሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ካነሰ በቅድሚያ የሚሸፈነው ራዲያተሩና ካርተሩ፣ ቀጥሎ ካምቢዮዎቹ፣ ከዚያ ነዳጅ ታንኩ እንደሆነ ተረዳን።

ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብን። አንደኛው ከውጭ የሚመጣ፣ ለዚችው መኪና ሞዴል የተሠራ ባለ 6 ሚሊ አሉሚኒየም፤ ቆንጆ ነው፣ ቀላል ነው፣ ግን ዋጋው የአቅማችን አልነበረም፤ መድረሻውም በወራት የሚቆጠር። ሁለተኛው ሶማሌ ተራ የተገኘ ባለ 3 ሚሊ ብረት፤ ዋጋው ደህና ሆኖ ሳለ ለሌላ ዓመት ሞዴል የተሠራ ነው፤ ወስደን ስንለካው ከአራቱ ቀዳዳ ሁለቱ አልገጠሙም። «እንበሳዋለን» አሉን። ሦስተኛው እዚሁ ከተማ ያለ ብረት ሠሪ ነው፤ «6 ሚሊ ላሜራ ቆርጬ ሻንሲው ላይ እበይድላችኋለሁ፣ ታንክ አይበሳውም» አለን። ዋጋው ከሁሉ ያነሰ ነበር።

በግዥ መመሪያችን ዝቅተኛውን ዋጋ መውሰድ ነው የለመድነው። እዚህ ላይ ግን ካልኩሌተር አወጣን። አንድ ካሬ ሜትር ብረት በየአንዳንዱ ሚሊ ውፍረት ወደ 7.85 ኪሎ ይመዝናል፤ አሉሚኒየም 2.7 ኪሎ። እኛ የምንሸፍነው ቦታ 0.9 ካሬ ሜትር ነው። በ6 ሚሊ ብረት ከ42 ኪሎ ይበልጣል፤ በ4 ሚሊ 28 ኪሎ ገደማ፤ በ3 ሚሊ 21 ኪሎ ገደማ፤ በ6 ሚሊ አሉሚኒየም ደግሞ 15 ኪሎ አይሞላም። 42 ኪሎ ምን ያደርጋል? አብዛኛው በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ነው የሚንጠለጠለው፤ የፊት ሞላዋን ይጫናል፣ ከመሬት ያላትን ከፍታ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ከምንጭነው ማዳበሪያም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ለድንጋይ ብለን የገዛነው ብረት መኪናዋን ወደ ድንጋዩ ያቀርባታል ማለት ነው።

ደግሞ ውፍረት ብቻውን ጥንካሬ አይደለም። ጋሼ ይህን ያሳዩን በሪፖርት ወረቀት ነው። ወረቀቱን ጠርዙን ይዘው ዘረጉት፤ ታጠፈ። ጫፍና ጫፉን አጥፈው ያዙት፤ ቀጥ አለ። ላሜራም እንደዚያው፤ ጠርዙ ወደ ላይ ታጥፎ፣ መሃሉ ላይ ርዝመቱን ተከትሎ ጎበጥ ያለ መስመር ቢወጣለት 4 ሚሊው ዝርግ ከሆነ ወፍራም ይሻላል። አሉሚኒየሙን በተመለከተም አንድ ነገር ተማርን፤ አይዝግም፣ ይቀላል፤ ግን ድንጋይ ላይ ሲጎተት ይነከሳል እንጂ እንደ ብረት አይንሸራተትም፣ የብረት ብሎን በነካው ቦታም በእርጥበት ጊዜ ይበላል። ሀብታም ብንሆን ኖሮም ለእኛ መንገድ ብረቱን ሳንመርጥ አንቀርም ነበር።

ስለዚህ ሦስተኛውን ሰው መረጥን፤ በእሱ ሐሳብ ሳይሆን በእኛ ውል። 4 ሚሊ፣ በሁለት ቁራጭ፣ በብሎን የሚታሠር፤ ብየዳ ሻንሲውን አይነካም። እሱ ትንሽ አኮረፈ። ለምን ብየዳ እንዳልፈለግን ለእናንተም እንንገር፤ ጋሪም ባጃጅም ያላችሁ ቡድኖች አላችሁ። የተበየደ ነገር አይፈታም፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ዘይት ሲለወጥ፣ አንድ ነገር ሲያፈስ፣ ከላይ ምን እንደሆነ ማየት አይቻልም። ብየዳው ያለፈበት የሻንሲ ብረት ቀለሙ ይቃጠላል፣ ከዚያ ዝገት ይጀምራል፣ ጥንካሬውም እንደ በፊቱ አይሆንም። ደግሞ የእኛ መኪና ነዳጇን የሚመራው ኮምፒውተር ነው፤ ባትሪ ሳይፈታ የሚበየድ መኪና ኮምፒውተሩን ሊያጣ ይችላል። የሻንሲው ላይ ፋብሪካው ራሱ ጥርስ አውጥቶ የተዋቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ የድሮው ላሜራ የታሠረባቸው ናቸው። እነሱ ካሉ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ሥራው የተጀመረው በካርቶን ነው። ብረት ከመቆረጡ በፊት ካርቶን ከሥር ተይዞ ቅርጹ ተቆረጠ፣ ቀዳዳዎቹ በእርሳስ ተመለከቱ። ይህች ካርቶን እስከ ዛሬ ቢሯችን ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ከዚያ የፊተኛው ቁራጭ ተሠራ፤ አፍንጫው ወደ ላይ ታጠፈ፣ ድንጋይ ቢያገኝ እንዲወጣበት እንጂ እንዳይሰካበት። የኋለኛው ቁራጭ ደግሞ ካምቢዮዎቹን ይይዛል። ሁለቱ ሲደራረቡ የፊተኛው ጠርዝ ከታች፣ የኋለኛው ከላይ መሆን አለበት፤ በተገላቢጦሽ ከሆነ የኋለኛው አፍ ድንጋይና ሥር እየዛቀ ይሄዳል። ብረት ሠሪው በመጀመሪያ ገልብጦት ነበር። ያየው ጋሼ ናቸው።

ሌላም ስህተት ነበር፤ ይህኛውን ያየነው እኛ ነን፤ ብንኩራራበት አትፍረዱብን። ውሉ ላይ «የዘይት መውረጃ ቀዳዳ» ብለን ጽፈን ሳለ ላሜራው ሲመጣ ቀዳዳ የለውም። ያለ ቀዳዳ ዘይት በተለወጠ ቁጥር ብረቱን ማውረድ ያስፈልጋል፤ ያ ሥራ የሚሰለቸው መካኒክ ደግሞ አንድ ቀን ሳይመልሰው ይቀራል። ታሪካችን የተጀመረውም እንዲያው አይደል? መለስነው። ለዘይት መውረጃው አንድ፣ ለዘይት ማጣሪያው አንድ፣ ለአየርና ለውሃ መውጫ ደግሞ ረዘም ያሉ ስንጥቆች ተበሱለት። ሞተር ከሥር አየር ካላገኘ ይግላል፤ ጭቃና ውሃ ካልወጣ ይከማቻል፣ ይከብዳል፣ ያዝጋል።

ከላሜራውና ከካርተሩ መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ጣት ያህል፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ተደረገ። ብረቱ ከካርተሩ ጋር ከተጣበቀ ምቱን አይከላከልም፣ ያስተላልፋል፤ ደግሞም ይንጫጫል። በጣም ከራቀ ከመሬት ያለውን ከፍታ ይበላል። ብሎኖቹ ራሳቸው ላይ 8.8 የሚል ቁጥር የተጻፈባቸው ናቸው፤ ያልተጻፈበት ብሎን ለአጥር ይሁን። ርዝመታቸው ተመጥኖ ተቆረጠ፤ ራሳቸውም በላሜራው ጎድጎድ ውስጥ ገባ፤ ወደ ታች ያፈጠጠ ብሎን የመጀመሪያው ድንጋይ ይቀጨዋል። ግራሶ ተቀብተው፣ በሰፊ ሮንዴላ፣ መጀመሪያ ሁሉም በእጅ ብቻ ተያዙ፤ ላሜራው ቦታውን ሲይዝ ተራ በተራ ጠበቁ። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው አራተኛው ቀዳዳ ላይ በመዶሻ ይጨርሳል። ይህን ደግሞ አየን፤ ከሌላ ሰው መኪና ላይ።

ክፍያውን የፈጸምነው በሁለት ጊዜ ነው። ግማሹን ላሜራው ሲገጠም፣ ግማሹን ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ብሎኖቹ በድጋሚ ከጠበቁና ከታዩ በኋላ። በዚያ ፍተሻ ሦስት ብሎን ላልቶ ተገኘ። ገንዘቡ በሙሉ ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ ማን ይመጣልን ነበር?

በሒሳብ አያያዙ ላይ ከአጋሮቻችን የመጣ ጥያቄ አለ። ለምን በጥገና አልተመዘገበም? ጥገና የነበረውን ወደነበረበት ይመልሳል፤ ይህ ግን ያልነበራትን ሰጣት፣ ከአንድ ዓመት በላይም ታገለግላለች። ስለዚህ በቋሚ ንብረት ላይ ደመርነው፣ ከመኪናዋ ቀሪ ዕድሜ ጋር የእርጅና ቅናሽ ይታሰብለታል። የጥገና በጀታችሁ በኦቨርሆሉ አልቆ ስለነበር አልነካንም፤ ከወፍጮ ቤቱ ገቢ በኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ከፈልን። ደረሰኙ፣ ሦስቱም ፕሮፎርማ፣ ውሉና ቃለ ጉባኤው ፋይሉ ውስጥ አሉ። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ሰው በሌላ ውል ስላሠራነው ዋጋው ከፕሮፎርማው በላይ ወጥቷል፤ የልዩነቱ ምክንያት በገጽ ተኩል ተጽፏል። ኦዲተሯ አንብባዋለች፤ ስለ ላሜራውም ከሥር ገብታ አይታለች፤ ካርቶኑን ያዋስናት እኛ ነን።

አሁን ዓመት አለፈው። በመጋቢት ወር ጋሼ ቢሯችን መጥተው «ኑ እዩ» አሉን። ከሥር ገባን። የፊተኛው ላሜራ ላይ፣ ልክ ከካርተሩ በታች፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የገባ ስርጉድ አለ፤ ከእሱም ወደ ኋላ አንድ ክንድ የሚሆን ቡጭሪያ። ሁለት ጣት የነበረው ክፍተት እዚያ ቦታ ላይ አንድ ጣት ሆኗል። ካርተሩ ግን ምንም አልነካውም። ያን ቀን መኪናዋ ላይ ማን ነበር ብለን የጉዞ መዝገቡን ስናይ «ሌላ» ይላል። ልጅቷ በሰላም ተገላግላለች።

ነገሩ ሁሉ ተስተካክሏል ለማለት ግን አይደለም። ክረምት ካለፈ በኋላ ላሜራው ካልወረደና ካልታጠበ በላዩ የተጋገረው ጭቃ ኪሎ ይጨምራል። በመከር ወቅት ደግሞ መኪናዋ በአውድማ ዳር ስታልፍ ገለባና ደረቅ ሣር በስንጥቁ ገብቶ የጭስ ማውጫው አጠገብ ይከማቻል፤ ያ እሳት ነው። አሁን ከኅዳር እስከ ጥር ጋሼ በየጉዞው መጨረሻ በሽቦ ይጠርጉታል፣ እኛም በጉዞ መዝገቡ ላይ «ገለባ ተጠርጓል» የሚል አምድ ጨምረናል። አንድ ወጣት አሰልጣኛችን «ሱሪ ስላላት አሁን በፍጥነት ይነዳ» ሲል ሰምተነዋል። ላሜራው ድንጋይ ሲመታ እንዳይቀደድ ነው እንጂ ድንጋይ እንድንፈልግ አይደለም፤ ጎማውንና መሪውን የሚሸፍን ላሜራ የለም።

የነዳጅ ታንኩም ገና ባዶውን ነው። በግንቦት ወር ጎኑን ድንጋይ ፍቆታል፤ አልተበሳም። ጋሼ ለሦስተኛ ቁራጭ ጥያቄ በጽሑፍ አቅርበዋል፤ ግምቱ 9,200 ብር ነው። በዚህ ጊዜ በወረቀቱ ግርጌ «በዚህ ርዕስ የተያዘ በጀት የለም» ብለን ጽፈናል፤ ከሥሩም «ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ» ብለን ጨምረናል። እነሆ አቅርበናል።

ሁለተኛው ጥያቄያችን የ2,400 ብሩ ነው። ከጋሼ ደመወዝ በሁለት ወር የተቆረጠው ማለት ነው። ቅናሹ የተፈጸመው በኮሚቴ ውሳኔ ስለሆነ እኛ በራሳችን ልንመልሰው አንችልም፤ ጉባኤው ይችላል። እሳቸው አልጠየቁም። አሁንም ውጭ መኪናዋ ዘንድ ናቸው፣ ይህን እንደምናነብም አያውቁም። ሁለቱም ጥያቄዎች በእጃችሁ ባለው ሪፖርት መጨረሻ ገጽ ላይ ተያይዘዋል። ሰብሳቢያችን ድምፅ ከማሰጠታቸው በፊት ጥያቄ ያላችሁ እዚሁ ቆመናል።